መታጠቢያው ጋ የሚጠብቀኝ እርጋታ

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በቀዶ ሐኪምነት ሠርቻለሁ። ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። «የሰው ሆድ ስትከፍት እጅህ አይንቀጠቀጥም?» «ልምድ ነዋ» ብዬ አልፋለሁ። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ መልስ ነው። እርጋታዬን የማገኘው ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ከበሩ ውጭ፣ እጅ መታጠቢያው ጋ ነበር።

ከኦፕሬሽን በፊት እጅ የሚታጠበው ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ነው። መጀመሪያ ጥፍር ሥር፣ ከዚያ የጣቶች መሃል፣ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ ክንድ። ቅደም ተከተሉ አይዛባም። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ስልክ አይነካም፣ ወረቀት አይፈረምም። ያሠለጠኑኝ ሐኪም እዚያ ሲቆሙ ዝም ይሉ ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ዝምታን ለመድኩ። ከታጠብን በኋላ የምንገባበት ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልቃል። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ውኃው ክንዴን ሲነካኝ ትከሻዬ ወረድ፣ ትንፋሼ ረዘም ማለት ጀመረ። የሳሙናው ሽታ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ስም እንዳለው ያወቅኩትም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

«አንከሪንግ» ይሉታል፤ መልህቅ መጣል እንደ ማለት። አንድን ስሜት ከአንድ ምልክት ጋር ታስሩታላችሁ፤ በኋላ ምልክቱን ስትነኩት ስሜቱ ይመጣል። ምልክቱ ሽታ፣ ድምፅ፣ ቃል ወይም የጣት ንክኪ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስም ያስፋፉት በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒውሮ ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ የሚባለውን፣ በቋንቋ ሐሳብንና ባህሪን እንለውጣለን የሚል የሥልጠና ዘዴ፣ የጀመሩት ሪቻርድ ባንድለርና ጆን ግሪንደር ናቸው። (ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ሌላም «አንከሪንግ» ይመጣባችኋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ትቨርስኪና ካነማን በ1974 የጻፉበት ነው፤ መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ግምታችንን እንዴት እንደሚጎትተው የሚናገር። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዳትደናገሩ።) የሁለቱ ሰዎች ሥርዓት በጥናት ሲፈተሽ ብዙው ክፍሉ ማስረጃ አጥቷል። ስለዚህ «በአምስት ደቂቃ ፍርሃትህን እነቅልልሃለሁ» የሚል አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ያዝ አድርጉ።

ሥሩ ግን ከእነሱ በፊት የነበረ ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነበር። ውሾቹ ምግቡን ሳይቀምሱት፣ ገና ምልክቱን ሲያዩና ሲሰሙ ምራቃቸው ይወርድ ነበር። እሱም ይህን ተከታተለው። ድምፅ ካሰማ በኋላ ወዲያው ምግብ ይሰጣል፤ ይህን ሲደጋግመው ድምፁ ብቻውን ምራቅ ያመጣል። የእኛ ሰዎች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ልጡ ምንም አላደረገም። ከእባቡ ጋር በመመሳሰሉ ብቻ ፍርሃቱን ይዞት መጣ።

ቦታም እንዲሁ ነው። በ1975 ጎደንና ባደሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ጠላቂ ዋናተኞችን ግማሹን ጊዜ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹን የብስ ላይ ቃላት አስጠኗቸው። ውኃ ውስጥ ያጠኑትን ይበልጥ ያስታወሱት ውኃ ውስጥ ሆነው ሲጠየቁ ነበር። ሽታ ደግሞ ለብቻው መንገድ አለው። ዓይንና ጆሮ የሚልኩት መልእክት መጀመሪያ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያልፋል። ሽታ ግን እዚያ ሳይቆም ስሜትና ትዝታ ወደሚሠሩባቸው ክፍሎች ይደርሳል። ድንገት አንድ ሽታ አሽትታችሁ ምክንያቱን ሳታውቁ ሆዳችሁ ቡጭ ብሎ አያውቅም? እንደዚያ ነው።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ «ደስታ» ወይም «በራስ መተማመን» ብላችሁ አትነሱ። ያ ቃል እንጂ ትዝታ አይደለም። አንድ ቀን ምረጡ። በእርግጥ የተረጋጋችሁበትን፣ አንድ ነገር ሠርታችሁ «ቻልኩት!» ያላችሁበትን። ዓይናችሁን ጨፍኑና ወደዚያ ቀን ግቡ። ራሳችሁን ከሩቅ እንደ ፊልም አትመልከቱ፤ ያኔ በነበራችሁበት ዓይን እዩ። ብርሃኑ ከየት ነበር? ማን ምን አለ? እጃችሁ ምን ይዞ ነበር? ደረታችሁ ምን ተሰማው? ስሜቱ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ጫፍ ሳይደርስ፣ አውራ ጣታችሁን ከመሃል ጣታችሁ ጋር ጫን አድርጉ። መውረድ ሳይጀምር ልቀቁ። ከዚያ ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ስለ ሌላ ነገር አስቡ። ደግማችሁ ሥሩት። ለጥቂት ቀናት እንዲህ አድርጉ።

ሰዓቱን መጠበቅ ዋናው ነገር ነው። ፓቭሎቭም ጋ ድምፁ ከምግቡ ትንሽ ሲቀድም ነው በደንብ የሚያዘው፤ ከምግቡ በኋላ ቢመጣ እምብዛም አይሠራም። ምልክቱም የተለየ ይሁን። በቀን 50 ጊዜ የምታደርጉት ነገር፣ ለምሳሌ እጅ መጨባበጥ፣ ስሜቱን ያባክነዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ በምናብ ከሚሠራው ይልቅ በሕይወት መሃል የሚሠራው ይበልጣል። ፈተናው አልቆ ውጤቱ ሲያምር፣ ኢንተርቪው ተሳክቶ ስትወጡ፣ መድረክ ላይ ተናግራችሁ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ያኔ እዚያው ጣታችሁን ጫን አድርጉ። ትኩስ ስሜት ከትዝታ ይበረታል። መልህቅ ስሜት አይፈጥርም፤ ያስቀመጣችሁበትን ነው መልሶ የሚሰጣችሁ። አንድ ሠልጣኝ ሐኪም ነበረኝ። ይህን ነገር ከእኔ ሰምቶ ጣቱን ለሁሉም ነገር ይጫን ጀመር። ለታካሚ፣ ለአለቃ፣ ለትራፊክ መጨናነቅ ሳይቀር። በወሩ «ዶክተር፣ አልሠራም አለኝ» ብሎ መጣ። እንዴት ይሠራል? እያወጣ እንጂ እያስገባ አልነበረም። ውሾቹም ድምፁን ያለ ምግብ ደጋግመው ሲሰሙ ምራቃቸው ይደርቃል።

አሁን ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ታካሚ ጠረጴዛ ላይ ሞተብኝ። ወጣት ነበር። ያደረግነውን ሁሉ ኋላ ደጋግመን መረመርን፤ ሌላ ልናደርገው የምንችለው ነገር አላገኘንም። ይህ ግን አላጽናናኝም። በሦስተኛው ቀን ለሌላ ኦፕሬሽን መታጠቢያው ጋ ቆምኩ። ውኃውን ከፈትኩ። የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካ ጉልበቴ ከዳኝ። ለዓመታት እርጋታ ይሰጠኝ የነበረው ያው ሽታ፣ ያው ውኃ፣ አሁን የዚያን ልጅ ፊት ይዞልኝ መጣ። መልህቁ ሌላ ነገር ነክሶ ነበር።

ያኔ የሠራሁት ስህተት እልህ መያዝ ነው። ከባድ ከባዱን ኦፕሬሽን እየመረጥኩ ገባሁ፤ ፍርሃቱን በጉልበት ልሰብረው። ይባስ አለ። እያንዳንዱ መታጠብ ጭንቀት ላይ ጭንቀት ጨመረበት። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወሰደኝ፤ እውነት ለመናገር እየጎተተ ነው የወሰደኝ። ለተወሰነ ጊዜ ቀላል ቀላል ሥራ ብቻ እንድሠራ ተስማማን። ትንሽ እባጭ ከማውጣት የማይበልጥ። ታጥቤ እገባለሁ፣ በሰላም እወጣለሁ። ታጥቤ እገባለሁ፣ በሰላም እወጣለሁ። ወራት ፈጀ። እርጋታው በአንድ ጊዜ አልተመለሰም፤ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሞላው። ከረጅም ፈቃድ ስመለስ ደግሞ ፍርሃቱ ለአንድ ሁለት ቀን ብቅ ይል ነበር። ፓቭሎቭም ይህን አይቷል፤ የጠፋ የመሰለው ምላሽ ከዕረፍት በኋላ ይመለሳል። የታሰረ ነገር ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይፋቅም።

ስለዚህ ከባድ የስሜት ቁስል ያላችሁ ልጆች ብቻችሁን ትዝታ እየቆፈራችሁ እንዳትለማመዱ። አንዱን ስትጠሩ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። የሚያግዝ ባለሙያ ካለ ወደ እሱ ሂዱ። እኔ ሐኪም ሆኜ እንኳ ጎትተው ነው የወሰዱኝ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ኦፕሬሽን የለም፣ ጓንት የለም። እጄን ስታጠብ ግን ሳላስበው ክርኔ ድረስ እደርሳለሁ፣ ከዚያም ውኃው ወደ ክርኔ እንዲወርድ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንሥቼ በሩን በጀርባዬ ገፍቼ እወጣለሁ። ባለቤቴ ፎጣ ይዛ ትጠብቀኛለች። «ዶክተር፣ ዛሬ ማንን ልታክም ነው?» ትለኛለች። ትከሻዬ ግን ያኔ ወርዷል።