የቀነስኩት ክብደት ሲመለስ ለምን አፍራለሁ?

ጥያቄ፦ የ42 ዓመት ሴት ነኝ። የደሜ ስኳር ከፍ በማለቱ በሐኪም ምክር አመጋገቤን አስተካክዬና በእግሬ እየተጓዝኩ 16 ኪሎ ቀነስኩ። ዘመድ ጎረቤቱ ግን «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» እያለ ሲያሳቅቀኝ ከረመ፤ እናቴማ በሽታ የደበቅኳት መስሏት ታለቅሳለች። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ 5 ኪሎ ተመለሰብኝ። ሚዛን ላይ መውጣት ፈርቼ ተውኩ። ማታ ሰው ሲተኛ ማዕድ ቤት ገብቼ ቆሜ እበላለሁ፤ ከዚያም ራሴን ስረግም አድራለሁ። ሌላው የሚችለውን እኔ ለምን አልችልም?
ሰ. ከአዳማ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ራስዎን የሚረግሙበት ነገር በአብዛኛው የሰውነት ሥራ እንጂ የጠባይ ድክመት አይደለም። ክብደት ሲቀንስ ጥጋብን ለአንጎል የሚያሳውቀው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ያንሳል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል፤ ሰውነትም ጉልበቱን መቆጠብ ይጀምራል። በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት፣ ይህ ለውጥ ክብደት ከተቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ ማታ የሚሰማዎት ረሃብ እውነተኛ ረሃብ ነው።

እኔን ከረሃቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሐፍረቱ ነው፤ ምክንያቱም ሌሊት የበላ ሰው በማግስቱ ራሱን ሊቀጣ ቁርሱንና ምሳውን ይዘላል፣ የተዘለለው ምሳም ሲመሽ ወደዚያው ማዕድ ቤት ይመልሰዋል። እባክዎ ምሳዎን አይዝለሉ፤ ማታም ቢርብዎት መብራቱን አብርተው፣ በሳህን አቅርበው፣ ተቀምጠው ይብሉ። መብላት ከጀመሩ በኋላ ማቆም የሚያቅትዎት ከሆነና ይህም የሚደጋገም ከሆነ፣ የታወቀ ሕክምና ያለው ችግር ስለሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ።

ስለ እናትዎ፣ ዕንባቸውን እንደ ነቀፋ እንዳይቆጥሩት እለምንዎታለሁ። «ወፈር ብለሽ አምሮብሻል» ማለት ሙገሳ በሆነበት አገር፣ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ፣ በኋላም በኤች አይ ቪ የከሱ ወገኖቹን የቀበረ ትውልድ የልጁን ጉንጭ ጎድሎ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በቃል «ደህና ነኝ» ማለቱ ብቻውን የሚያሳምናቸው አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይዘዋቸው ይሂዱና የስኳርዎን ውጤት ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። ምክንያቱን ካወቁ በድግስ ላይ ጉርሻ ሲደጋገምብዎት «ተዉአት» የሚሉልዎት እርሳቸው ይሆናሉ።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎችን የሚከታተል መዝገብ አለ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል የሚንቀሳቀሱና ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመዘኑ ናቸው። እርስዎም በሳምንት አንድ ቀን መርጠው ይመዘኑ፤ ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ግን በጤና ጣቢያ ባለሙያ ይመዝንዎት። ከቀነሱት 16 ኪሎ 11ዱ ዛሬም አልተመለሰም፤ ይህ ደግሞ ለስኳርዎ ትልቅ ጥቅም ያለው ቅነሳ ነው። ለሐኪምዎ የተመለሰውን 5 ኪሎም፣ የሌሊቱን መብላትም ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ቀጣዩን የምግብና የእንቅስቃሴ ዕቅድ የሚያወጡልዎት ያንን ይዘው ነውና።