የባሕሩ ሥራ ያለው የብስ ላይ ነው

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በኬሚስትሪ ተመርቄ ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ወዳለበት ስዊድን መጣሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በጣና ዳርቻ ውኃ ውስጥ ያለውን ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበትን ውሁድ፣ ስለመለካት ነበር። አሁን ሆቴል ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ፣ ቋንቋም እማራለሁ። በሐምሌ ስቶክሆልም አጠገብ ባሕሩ በአልጌ ተሸፍኖ «አትዋኙ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ሳይንስ በማስተርስ የመማር ሐሳብ አልለቀቀኝም። ዋርሳዬ ግን «ባሕር ከሌለው አገር መጥተሽ ስለ ባሕር ምን አገባሽ? ረዳት ነርስነት ተማሪ፣ ሥራው ወዲያው ይገኛል» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ዋርሳሽ ስለ ሥራ ገበያው የነገረሽ እውነት ነው፤ ረዳት ነርስ እዚያ አገር ሥራ አያጣም። ስለ ባሕሩ የተናገረውን ግን አልቀበልም። ጣና ላይ እምቦጭን የሚያፋፉት ፎስፈረስና ናይትሮጅን ስቶክሆልም አጠገብ ባየሽው የባልቲክ ባሕር ላይም አልጌውን የሚመግቡት እነዚያው ናቸው።

አንቺም ብትሆኚ ሐሳብሽን ትንሽ እንድታሻሽይ እፈልጋለሁ። «የባሕር ሥራ» ሲባል መርከብና ጠላቂ ይታይሽ ይሆናል። ባልቲክን ያሳመመው ግን በአብዛኛው ከየብስ የሚወርድ ነገር ነው። ዘጠኝ አገሮች የከበቡት፣ አማካይ ጥልቀቱ 55 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከሰሜን ባሕር ጋር በዴንማርክ በኩል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ የሚገናኝ ባሕር ነው። ውኃው ተለዋውጦ እስኪያልቅ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የወጣ ፍሳሽ እዚያ ገብቶ ይከማቻል። አልጌው በልቶ ይፋፋል፤ ሲሞት ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱት የጥልቁን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ከዚህ የሚብሰው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ኦክስጅን ያጣ ደለል ይዞት የቆየውን ፎስፈረስ መልሶ ወደ ውኃው ይለቀዋል። ዕዳው ወለድ እየወለደ ይሄዳል። በምሥራቅ ባልቲክ የኮድ ዓሣ ክምችት ተመናምኖ የአውሮፓ ኅብረት በ2019 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) ማጥመዱን ያገደውም በከፊል በዚሁ የኦክስጅን እጦት ምክንያት ነው።

ለአንቺ ዓይነቱ ሰው የምነግረው አንድ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ ሶረን ዬንሰን የሚባል ስዊድናዊ ኬሚስት ቤተ ሙከራ ውስጥ ዲዲቲ ይለካ ነበር። በናሙናዎቹ ውስጥ ምንነታቸው ያልታወቀ ሌሎች ምልክቶች ደጋግመው ይታዩታል። ብዙ ሰው «የመሣሪያው ስህተት ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ተከታትሎ በ1966 ፒሲቢ የሚባለው መርዛማ የኢንዱስትሪ ኬሚካል መሆኑን ይፋ አደረገ፤ ከናሙናዎቹ መካከል በስቶክሆልም ደሴቶች ሞቶ የተገኘ ነጭ ጭራ ንስር ነበረበት። ዲዲቲና ፒሲቢ ከታገዱ በኋላ ንስሮቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው በዝተዋል። ሰውየው ይህን ለማግኘት ባሕር መጥለቅ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ዓይንሽን መጀመሪያ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ ጣይ። የሚያምር ስም እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሠርግ ላይ ሥራሽን ሲጠይቁሽም የባሕር ሳይንቲስትነትን ያህል አያስደንቅም። ነገር ግን ጣቢያው ውስጥ ፎስፈረሱን ከፍሳሹ የሚለየው የብረት ጨው ነው፤ ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ጨው ሲያንስ ፎስፈረሱ ወደ ባሕር ያመልጣል፤ ሲበዛ ገንዘብ ይባክናል፤ ልኩን የሚያሳየው ናሙና ነው። ጣና ዳር የለካሽው ፎስፌት ማለት ይኸው ነው።

ሥራውም የሚቀንስ አይመስለኝም። ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የአውሮፓ ኅብረት የከተማ ፍሳሽ መመሪያ ትልልቅ ጣቢያዎች የመድኃኒትና የመዋቢያ ቅሪቶችን የሚያስወግድ አራተኛ የማጣሪያ ደረጃ ደረጃ በደረጃ እስከ 2045 እንዲጨምሩ ያስገድዳል። የስዊድኗ ሊንሾፒንግ ከተማ ቀድማ በ2017 በኦዞን ጋዝ ማጣራት ጀምራለች።

ማስተርሱን አልከለክልሽም። የመኖሪያ ፈቃድሽ በቤተሰብ በኩል ስለሆነ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅሽም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ የባሕር ምርምር ሥራ ጥቂት መሆኑ፣ ያለውም በፕሮጀክት ገንዘብ ተቀጥሮ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚያልቅ መሆኑ ነው። የስዊድን የሥራ ልምድ ሳይኖርሽ በቀጥታ ወደ እርሱ ብትገቢ ተመርቀሽ እዚያው ሆቴል እንዳትመለሺ እሰጋለሁ። ጣቢያ ውስጥ ሠርተሽ ከገባሽ ግን የምትጠይቂው ጥያቄ ራሱ ይለያል።

በዚህ ሳምንት ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕትሽን የውጭ አገር ትምህርት ለሚመዝነው ዩኤችአር ለሚባለው መሥሪያ ቤት ላኪ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ መልሱ ግን ጊዜ ይወስዳል። ስዊድንኛውን አታቋርጪ፤ የጣቢያ ሠራተኛ የደኅንነት መመሪያ ማንበብና የፈረቃ መዝገብ መጻፍ አለበት። ዪርከስሆግስኮላ በሚባሉት የሙያ ትምህርት ቤቶች የውኃና የፍሳሽ ቴክኒክ ይሰጣል፤ ክፍያ የለውም፣ ከትምህርቱ ከፊሉም ሥራ ቦታ ላይ የሚደረግ ልምምድ ነው። ከማስተርሱ በፊት እርሱን ብትመርጪ ደስ ይለኛል።

ሲቪሽ ላይ «ኬሚስት ነኝ» ብለሽ አትለፊ። በምን መሣሪያ ፎስፌት እንደለካሽ፣ ናሙናውን እንዴት እንዳቆየሽ፣ ውጤቱን በምን እንዳረጋገጥሽ በሦስት መስመር ጻፊ። የጽዳት ሥራሽንም አትደብቂው፤ ኬሚካል መጥነሽ መጠቀምሽንና በሰዓትሽ መገኘትሽን የሚመሰክር ስዊድናዊ አሠሪ አለሽ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቶች በስዊድን በጋ፣ ማለትም በሐምሌ አካባቢ፣ ዕረፍት የሚወጡትን የሚተኩ ሠራተኞች የሚፈልጉበት ማስታወቂያ ከጥር ጀምሮ መውጣት ይጀምራል፤ ሲቪሽ ከዚያ በፊት ዝግጁ ይሁን። ለዋርሳሽም ረዳት ነርስነቱን ሁለተኛ ምርጫ አድርገሽ እንደያዝሽው ንገሪው።