የጄኔራል ሎጋን መንገድ ዛሬ ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ግሪን ካርድ ከያዝኩ 2 ዓመት ሆኖኛል። ዲሲ ሎጋን ሰርክል ላይ በፈረስ የተቀመጠው ሐውልት የማን እንደሆነ ሳጣራ፣ ጆን ሎጋን ወታደርም ጠበቃም ሴናተርም እንደነበረ አነበብኩ። እኔም ሦስቱንም እፈልጋለሁ። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከዜግነቱ ጀምሪ። ሎጋን በ1826 ኢሊኖይ ውስጥ ስለተወለደ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። አንቺ በግሪን ካርድ ተራ ወታደር ሆነሽ መቀጠር ትችያለሽ፤ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ግድ ነው። ለኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት 25 ዓመት ዕድሜና 7 ዓመት ዜግነት፣ ለሴኔት 30 እና 9 ይጠየቃል። የዜግነቱ ዓመታት ቆጠራ የሚጀምረው የዜግነት ቃለ መሐላ ከፈጸምሽበት ቀን ነው። የዜግነት ማመልከቻውን ግሪን ካርድ ከያዝሽ 5 ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። አገር ቤት ሄዶ ከ6 ወር በላይ መቆየት ግን የ5 ዓመቱን ቆጠራ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ሎጋን ሕግ የጀመረው አጎቱ ቢሮ ውስጥ እያነበበ ነው፤ በ1851 ደግሞ ከሉዊቪል ተመረቀ። ቨርጂኒያ ዛሬም በጠበቃ ሥር 3 ዓመት አጥንቶ ለጥብቅና ፈተና መቀመጥን ትፈቅዳለች። ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገቢበት፦ የጦሩ የሕግ ክፍል (ጃግ) መኮንን ለመሆን እውቅና ካለው የሕግ ትምህርት ቤት መመረቅ ስለሚጠይቅ፣ በዚህ መንገድ የመጣ ጠበቃ በጦሩ ውስጥ በጥብቅና የማገልገልን በር ገና በመነሻው ይዘጋዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ጨርሺ፤ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን ኤልሳትን (LSAT) በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ተፈተኚና ማመልከቻሽን በመስከረም አስገቢ። ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደደረሳቸው እያዩ ስለሚወስኑ፣ ዘግይቶ የመጣ ስኮላርሺፑ ተከፋፍሎ ያገኘዋል።

ጦሩንና ምርጫውን አንድ ላይ አታስቢያቸው። ሎጋን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1861፣ የ31ኛው ኢሊኖይ እግረኛ ክፍለ ጦር ኮሎኔል ሲሆን የኮንግረስ ወንበሩን የለቀቀው በማግስቱ ዓመት ነው። ዛሬ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ለፓርቲ ምርጫ መወዳደር አይችልም። ለሎጋንም ቢሆን ሁለቱን ማጣመሩ አላዋጣውም። ጁላይ 22 ቀን 1864 አትላንታ ላይ አዛዡ ጄኔራል ማክፈርሰን ሲገደል ጦሩን ተረክቦ መርቶ ሳለ፣ የበላይ አዛዡ ጄኔራል ሸርማን ሹመቱን ለዌስት ፖይንቱ (የጦር አካዳሚው) ምሩቅ ለሃዋርድ ሰጠው። ሸርማን ሎጋንን የሚያየው ፖለቲካውን እንደሚያስቀድም ሰው ነበር።

ሐውልቱ የማይነግርሽ ነገርም አለ። በ1853 ጥቁሮች ኢሊኖይ ገብተው እንዳይሰፍሩ የሚከለክለውን ሕግ ያራመደው ይኸው ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ፓርቲውንም አቋሙንም ቀይሮ ለጥቁሮች መብት ቆመ። የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻሽ ላይ ስሙን ከጠቀስሽ ሁለቱንም ጥቀሺ፤ ግማሹን ብቻ የሚጽፍ አመልካች በቃለ መጠይቅ ሊያዝ ይችላል።

ሎጋን ወደ ኮንግረስ ከመግባቱ በፊት በ1852 የተመረጠው ለኢሊኖይ ክልል ምክር ቤት ነው፤ ለአንቺም የሚቀርበው የክልል ምክር ቤት ነው። ለቨርጂኒያ ዴሊጌትነት (የክልሉ የታችኛው ምክር ቤት አባልነት) 21 ዓመት ሞልቶሽ የወረዳው ነዋሪና መራጭ መሆን ይጠየቃል፤ የ7 ዓመቱ ጥበቃ የለበትም። ሥራው የዓመቱን ጥቂት ወራት ብቻ ስለሚይዝ ጥብቅናውን አያስጥልም።