መጀመሪያ ውሃውን ድፋው

የመኪና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የቆየ ቶዮታ ኮስተር አለኝ፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው የናፍታ ሞተር ነው። ከሕዝብ ማመላለሻ ሥራ ሲወጣ ገዛሁትና ወንበሮቹን ነቅዬ ቤት አደረግሁት። አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የጋዝ ምድጃ አስገባሁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ 300 ሊትር የሚይዝ የውሃ ሮቶ ተከልኩበት። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሐይቅ እንሄድበታለን፤ በመስከረም ግሸን ማርያምን እንሳለምበታለን። ዝናብ ከያዘን ቡናውም እዚያው ውስጥ በከሰል ይፈላል። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ቆመ፤ ከዚያም እጅ አጥሮኝ ሁለት ዓመት ያህል ሳይነሳ ቀረ።

አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው ከወንበሬ ሥር ድርርር ይላል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ጸጥ ይላል። ጉልበትም የለውም። አንዴ ይስባል፣ አንዴ ይቆርጣል፣ ጥቁር ጭስም አለው። ጋራዥ ወሰድኩት፤ «ኖዝል ነው» አሉኝና ስድስቱንም የናፍታ መርጫዎች አስቀየርኩ። ጭሱ ትንሽ ቀነሰ፤ ንቅጥቅጡ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ «የናፍታ ፖምፓው ይውረድ» እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

የኮስተሩ ባለቤት፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ፖምፓውን አታስወርድ። ቢያንስ ይሄን መልስ አንብበህ ሳትጨርስ አታስወርድ።

ደብዳቤህ ውስጥ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። «ድርርር ይላል» ብለሃል፤ «እግሬን ሳነሳ ጸጥ ይላል» ብለሃል። እነዚህን ሁለቱን ይዤ ስነሳ፣ መኪናህ የታመመው ሁለት በሽታ ይመስለኛል። ጋራዡ ግን እንደ አንድ ቆጥሮ አከመው። ንቅጥቅጡ የሚኖረው ከወለሉ ሥር፣ በማርሽ ሳጥኑ በካምቢዮና የኋላ ጎማዎቹን በሚያዞረው ዲፈረንሻል መካከል ነው። የጉልበት ማነሱ ደግሞ ከነዳጅ ታንከሩ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ ነው። ኖዝል ብትቀይር ንቅጥቅጡ ምን አገባው?

ግምቴን ዝም ብለህ አትመን፤ ፈትነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ባዶ ማርሽ፣ አድርግና ሞተሩን ሐረጎ ላይ በሚንቀጠቀጥበት ድምፅ ልክ አስጩኸው። ብርጭቆዎቹ ዝም ካሉ ሞተሩ በንቅጥቅጡ የለበትም። ከተንጫጩ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ሳፖርቶዎች እይ፤ ጎማቸው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ ግን ቆሞም ቢሆን ያነክሳል፤ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ሁለተኛው ፈተና መንገድ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ስትሄድ ሜዳ የሆነ ቦታ ምረጥ። መንቀጥቀጥ የሚጀምርበት ፍጥነት ላይ ስትደርስ ፎሌ አድርገውና ራሱ ይንከባለል። እየተንከባለለም ከተንቀጠቀጠ ነገሩ ብዙ ጊዜ ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። ከቆመ፣ ጉልበት ሲጫንበት ብቻ የሚያመው ነገር አለ ማለት ነው። ይሄን ፈተና ሐረጎ ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክረው። እዚያ ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ሲያቃጥል ስንቴ አይቻለሁ፤ ሽታው ኮምቦልቻ ድረስ ይዞት ይወርዳል።

«ድርርር» የምትለዋን ቃል የወደድኳት ለምን መሰለህ? ትንሽ ሒሳብ አለባት። የኮስተር ጎማ ዙሪያው 2.4 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 60 ስትነዳ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ግድም ይዞራል። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ብረት፣ ትራስሚሽን የምንለው፣ ከጎማው አራትና አምስት እጥፍ ይፈጥናል። በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ አካባቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ጎማ መኪናውን እንደ እሹሩሩ ያወዛውዘዋል፤ በእጅህ መሪ ላይ ይሰማሃል። ትራስሚሽን ግን መቀመጫህ ሥር ይንዘረዘራል። ያንተው ቃል ወደዚያው ይጠቁማል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ነው። አንተ ደግሞ ከኋላ ጎማዎቹም አልፈህ መጨረሻው ላይ ነው የጫንከው። ከሥር የሚሸከመው የብረት ንጣፍ፣ ባሌስትራው፣ ያረጀ ነው፤ ጅራቱ ይቀመጣል፣ አፍንጫው ይነሳል። ትራስሚሽኑ ክሮቸራ በሚባል መታጠፊያ የተያያዘው ጎንበስ ቀና እያለ እንዲሠራ ነው፤ ግን ልክ አለው። ክሮቸራ አንግል ሲይዝ እኩል አይዞርም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ፈጠን፣ ሁለቴ ዘግየት ይላል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ጓደኛው በተመሳሳይ አንግል ከቆመ ያንን ያጠፋለታል። አንግላቸው ካልተመጣጠነ ግን ሁሉም ወደ ወለሉ ይሄዳል። ነዳጅ ስትሰጠው ደግሞ ባሌስትራው ይጠማዘዝና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፤ አንግሉ ይብስበታል። እግርህን ስታነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጸጥ የሚለው ለዚህ ነው።

እና መጀመሪያ ሮቶውን ባዶ አድርገህ ሐረጎን ውጣ። ደሴ ላይ «ውሃ ድፋ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለጎረቤት ባልዲ አስቀርብ። ንቅጥቅጡ በግማሽ ከቀነሰ ወጪ የሌለበት ምርመራ ጨረስክ ማለት ነው። ከዚያ ሮቶውን ወደ መኪናው መሐል፣ ከኋላ ጎማው ቀድሞ እንዲሆን አዛውረው፤ ባሌስትራውንም አሳየው።

ካልቀነሰ ከሥር ግባ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማዎቹ ፊትም ኋላም ታኮ ይደረግባቸው። ማርሹን ፎሌ አድርግና እያንዳንዱን ክሮቸራ በሁለት እጅህ ግራና ቀኙን ይዘህ በተቃራኒ አጣምመው። «ቀጭ» ካለ አልቋል። ዙሪያው ላይ ቀይ የዛገ አቧራ ካየህም ውስጡ ግሪስ የለም። ሁለት ዓመት የቆመ መኪና ላይ ይሄ የተለመደ ነው። የኮስተር ትራስሚሽን ረጅም ስለሆነ ተቆራርጦ ነው የተሠራው፤ መሐል ላይ በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ይሸከመዋል። ጎማውን በጣትህ ዳስሰው፣ ብረቱንም ወደ ላይ ገፋ አድርገው። ከተሰነጠቀና ብረቱ እንደ ልቡ ከተጫወተ ሌባው ተገኘ። በተለይ ከቆመበት ሲነሳ ጓ ጓ የሚል ከሆነ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ የራሴ ጥፋት ነው። ልጅ እያለሁ የአንድ ጭነት መኪና ክሮቸራ ቀየርኩ። ሥራዬ ያማረ መሰለኝ። ባለቤቱ በሳምንቱ ተመለሰ፦ «ይንቀጠቀጣል»። ጎማ ባላንስ አስደረግን። ተመለሰ። ሳፖርቶ ቀየርን። አሁንም ተመለሰ። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ በመጨረሻ ከሥር ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ጠመኔ የለህም?» አሉኝ። ያኔም አልገባኝም። ትራስሚሽኑን ስፈታ ተንሸራታቹ ጫፍ በምን በኩል እንደነበር ምልክት አላደረግሁም፤ ስገጥመው ዘንግቼ ጥርስ አሳልፌ ገጠምኩት። ሁለቱ ጫፎች መተያየት ሲገባቸው ጀርባ ሰጥተዋል። ያ ሰውዬ የከፈለው የጎማውም የሳፖርቶውም ብር የጠመኔ ዋጋ ነበር። ስለዚህ መካኒክህ ትራስሚሽኑን ሊያወርድ ሲል አጠገቡ ቁም፤ በሁለቱም በኩል ምልክት ሳያሰምር ብሎን እንዳይነካ።

አሁን ጉልበቱ። እዚህ ላይ የጋራዡ ሰዎች ያላስተዋሉት ነገር አለ። ጥቁር ጭስና ናፍታ ማነስ አብረው አይሄዱም። ናፍታ ያነሰው ሞተር ይቆርጣል እንጂ አያጨስም። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍታው ሞልቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው። ያንተ ደግሞ ሁለቱም አለው።

ከጭሱ ልጀምር። የአየር ፊልትሮውን ዛሬውኑ ክፈት። ለረጅም ጊዜ በቆመ መኪና ውስጥ የአይጥ ጎጆ አግኝቼ አውቃለሁ። የቀረው የደሴ ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ያንተ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ የጎደለውን አየር የሚያመጣለት የለም። ዳገት ላይ በሦስተኛ እያለከለከ ቢያጨስ በሽታ አይደለም፤ ወደ ሁለተኛ አውርደው።

መቁረጡ ግን ከናፍታው ነው። ታንከሩ ሁለት ዓመት ግማሽ ሆኖ ከቆመ ውስጡ ውሃ ያልባል፣ ዝገትም ያበቅላል። ናፍታ ሲጠፋ ከጄሪካን ቀድተህ ከሆነማ ምን እንደገባ አላህ ይወቀው። የናፍታ ፊልትሮውን ከታች በኩል ፍታና ትንሽ ናፍታ በሚያሳይ ጠርሙስ ተቀበል። አቦሉ ቀርቦ በረካው እስኪጠጣ ድረስ አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ፊልትሮውን ቀይር፤ ርካሽ ነው። ከዚያም ሞተሩ መቁረጥ ሲጀምር አቁምና፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጥቂት ጊዜ ተጫናት። ጉልበቱ ለትንሽ ጊዜ ከተመለሰ ትልቁ ፖምፓ አልታመመም፤ ተርቦ ነው።

የመጨረሻውን ፈተና ሰው ብዙም አይሠራውም። የታንከሩን ቱቦ ነቅለህ ንጹህ ናፍታ ያለበት ጄሪካን ውስጥ የሚገባ ሌላ ቱቦ ግጠም። ቆመህ ሞተሩን አስጩኸው።  ሞተሩ ሳይቆርጥ ከጮኸ ችግሩ ታንከሩ ወይም ከእሱ የሚመጣው ቱቦ ነው፤ ቱቦው አየር እንዳይስብ እይ፣ ታንከሩም ይውረድና ይታጠብ፤ ውስጡ ያለው ወንፊት በዝገት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በንጹህ ናፍታም ከቆረጠ፣ ያኔ ስለ ፖምፓው እናወራለን።

ሳልረሳው፣ ያቺን የከሰል ቡና ነገር አቁሟት። የተዘጋ መኪና ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ንቅጥቅጡ ደግሞ የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ መጋጠሚያ ያላላል፤ እናንተ ከላዩ ትተኛላችሁ። ከሥር ስትገባ ጥቀርሻ የወጣበት መጋጠሚያ ካየህ ከክሮቸራውም በፊት እሱን አሠራ። ቡናውን ዝናቡ ሲያባራ ውጭ ጠጡት።

ጥያቄ፦ በአንድ አምድዎ «የጎማ ዕድሜ ከጥርሱ አይታወቅም» ብለው ጽፈው ነበር። ታዲያ በምን ይታወቃል? ነጋዴው ለሚኒባሴ የሸጠልኝን ጎማ «የ2016 ነው፣ አዲስ ነው» ብሎኛል።

አንዲት አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ነጋዴው አልዋሸም ይሆናል፤ የነገረዎት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ይፈልጉ። ከእነሱ ተከትሎ፣ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። ለምሳሌ 2316 ቢል፣ የመጀመሪያው 23 ሳምንቱ ነው፤ 16 ደግሞ የፈረንጆቹ 2016። በእኛ ሲመለስ የግንቦት 2008 መጨረሻ አካባቢ ይሆናል። ያ ጎማ በዕድሜ ከአንደኛ ክፍል ተማሪ ይበልጣል።

አኃዙ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ይዘው ከሥር ይዩ። እግረ መንገድዎን በጥርሶቹ መካከልና በጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ይመልከቱ። ካለ፣ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ጎሚስታው ሳይሆን ወደ ነጋዴው ይመልሱት።