«አምስት ዓመት ተምረሽ ቆሻሻ ልትጠብቂ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመርቀሻል። ሞጆ ያለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያው ላይ ሊቀጥርሽ ነው። አጎትሽ ደግሞ ባንክ ቦታ አግኝተውልሻል፤ ደሞዙም በሦስት ሺህ ብር ይበልጣል። እናትሽ ርዕስ ያደረግኩትን ጥያቄ ጠይቀው አልቅሰዋል።

እናትሽን አከብራቸዋለሁ። በዚህ ግን ተሳስተዋል። እኔም ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ቆዳ ፋብሪካ ማጣሪያ ላይ ነው።

ክሮም ቆዳ የሚለፋበት ብረታዊ ኬሚካል ነው፤ ከማልፊያው ድራም የሚወጣው የክሮም ውሃ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ኖራ እየጨመርሽ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 8 ተኩል ታደርሽዋለሽ። ማማሰያው ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴው እንደ እርጎ ይቋጠርና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ውሃ ይጠራል። ያ የተቋጠረው ክሮም ነው። ሳይያዝ ቢለቀቅ ሞጆ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያም ቆቃ ሐይቅ ይደርሳል። ያንን ውሃ ከብት ይጠጣዋል፣ ሽንኩርት ይለማበታል፣ ዓሣ ይጠመድበታል።

ሌላም አለ። የፀጉር ማራገፊያው ውሃ ሰልፋይድ አለበት፤ የክሮሙ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የሌሊት ተረኛ ጉድጓድ ሊያጸዳ ወርዶ እዚያው ወደቀ። ወገቡ ላይ የታሰረ ገመድ ስለነበር ከላይ ጎትተን አወጣነው፤ ተረፈ። ቫልቩን የከፈተው ልጅ ሁለቱ ውሃ መቀላቀል እንደሌለበት ማንም አልነገረውም። ሌሊት ኬሚስት አልነበረንም። እናትሽ ቆሻሻ ጠባቂ የሚሉት ያን ሌሊት ያልነበረንን ኬሚስት ነው።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ የታናሽሽ የትምህርት ቤት ክፍያ አንቺ ላይ እንደወደቀ ጽፈሻል። ግን እህትሽን የወለድሻት አንቺ አይደለሽም። አጎትሽ ሥራ ካፈላለጉልሽ ክፍያውንም ይካፈሉሽ። ባንክ የሚመኘው ተመራቂ ሞልቷል። ፍሳሽ የሚያጣራ ባለሙያ ግን እንደልብ አይገኝም። አገራችን የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1090። ሕጉ አለ፤ የጎደለው በእጁ የሚሠራው ሰው ነው። ቀደም ሲል ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከሺህ ቶን በላይ ተጭኖ ለማቃጠል ፊንላንድ ድረስ ሄዷል፤ እዚህ በአግባቡ የምናስወግድበት አልነበረንም።

ስለ ሽታው፦ በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ፣ ነጠላሽን ብቻ ቤት ተዪ። ማስተርስ ልቀጥል ወይ ላልሽው፦ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ሂጂ፤ ያኔ ምን እንደምትማሪ ታውቂያለሽ።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ጓሮውን አሳዩኝ በይ። የክሮሙና የሰልፋይዱ ቦይ ለየብቻ ነው ወይ? ጋዝ መለኪያ አላችሁ? ዝቃጩ በማን መኪና፣ የት ይወሰዳል? ጠባቂውንም ማታ ማታ ውሃው ምን ቀለም እንዳለው ጠይቂው፤ እሱ ያውቃል። አናሳይሽም ካሉሽ አትፈርሚ። ያኔ ለአጎትሽ ደውዪ።