የአያቱ ቅድመ አያት ግዞተኛ ነበር ይባላል፤ እንዴት ላግኘው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አውስትራሊያዊ ነው። የአያቱ ቅድመ አያት ከእንግሊዝ ወደ ታዝማኒያ የተጋዘ እስረኛ እንደነበረ፣ ኋላም ሜልበርን መጥቶ እንደሞተ ይወራል። ስሙ ዊልያም ጆንስ ነው። ልጆቻችን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል አያታቸው ላይ ይቆማሉ። ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከሜልበርን

መልስ፦ ከእስረኞቹ መዝገብ አይጀምሩ። ይህ ስም የብዙ ሰው ስም ስለሆነ የሌላ ሰው ዘር ይዘው ይቀራሉ። ከባለቤትዎ ተነሥተው በልደት፣ በጋብቻና በሞት ምስክር ወረቀት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመንግሥት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ የወላጆችን ስም፣ የትውልድ ቦታንና በአገሩ የኖረበትን ዘመን ይይዛል። በ1889 ሞቶ «41 ዓመት በቪክቶሪያ» ከተባለ፣ የገባው በ1848 ገደማ ነው። ቃሉን የሰጠው ግን ልጅ ወይም ጎረቤት ነውና ዓመቱ ሊዛነፍ ይችላል፤ ታዝማኒያ የኖረበትንም በኀፍረት የዘለሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። (እኔ እነዚህ እስረኞች የሚጠሩበትን «ኮንቪክት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወንጀለኛ ከማለት ግዞተኛ ማለት እመርጣለሁ፤ አብዛኞቹ በስርቆት ተከሰው 7 ዓመት የተፈረደባቸው ድኾች ነበሩ።)

ከዚያ የሚፈልጉት የመርከቡን ስም ነው። በዘመኑ ጽሕፈት ቤት አንዱ ዊልያም ጆንስ ከሌላው የሚለየው በመጣበት መርከብ ነበር። የታዝማኒያ ቤተ መዛግብት የስም ማውጫ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ የገጾቹም ምስል አለ። የወንዶች የጠባይ መዝገብ ከ1840ዎቹ በፊት ለመጡት ኮን 31 (CON31፤ የቤተ መዛግብቱ መለያ ቁጥር ነው)፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1853 ለመጡት ኮን 33 ነው፤ የሴቶቹ ኮን 40 እና ኮን 41። ገጹ ላይ የተፈረደበት ቦታና ቀን፣ እዚያም የተቀጣበት ሁሉ ተጽፏል፤ በኮን 33 ደግሞ ቁመት፣ ንቅሳት፣ ጠባሳና ሙያም አለ።

ትክክለኛውን ሰው የሚያረጋግጥልዎት ግን የመርከብ መግቢያ ዝርዝሩ ነው። በተለይ በ1840ዎቹ የመጡት የወላጆቻቸውንና የወንድም እህቶቻቸውን ስም ሳይቀር አስመዝግበዋል። ይህን ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር ያስተያዩት፤ የአባትና የእናት ስም ከገጠመ ሰውዎን አገኙ። ዕድሜ በሁለት ሦስት ዓመት፣ ስምም በአንድ ፊደል ቢለያይ አይደንግጡ፤ ጸሐፊው የጻፈው እንደሰማው ነው። ፍርዱን ሳይጨርስ አግብቶ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ስለነበር በጋብቻ ፈቃድ መዝገቡም ይፈልጉት፤ ሙሽራዪቱም ግዞተኛ ከሆነች የእርሷም መርከብ እዚያው ይገኛል።

የፍርዱን ቀን ሲያገኙ ወደ እንግሊዝ ይሻገሩ። የተፈረደበት ለንደን፣ ኦልድ ቤይሊ በተባለው ፍርድ ቤት ከሆነ ከ1674 እስከ 1913 ያለው የችሎት ዘገባ በነጻ ይነበባል። ሌላ አውራጃ ከሆነ የዚያን አገር ጋዜጣ ይፈትሹ። የተፈረደበትን ከተማ ግን የትውልድ አገሩ ነው ብለው አይያዙት፤ ሥራ ፍለጋ የተሰደደው ብዙ ነው። አየርላንድ ላይ ከተፈረደበት ከ1836 በፊት የነበሩት የግዞት መዝገቦች በ1922 ደብሊን ላይ ተቃጥለዋል፤ የቀሩትን የምሕረት አቤቱታዎች ይመልከቱ።

ለአሁኑ የሞት ምስክር ወረቀቱንና የበኩር ልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ያውጡ።