የአያትህ ቤሬታ ላይ ያለው ጽሑፍ የፋብሪካ ነው ወይስ በኋላ የተቀረጸ?

ሰላም ወንድሜ። ሰንዳፋ ያሉት አያትህ ከጣሊያን ማረኩት የሚባለው ቤሬታ 1934 ሽጉጥ ላይ ያለው ጽሑፍ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ ብለሃል። እኔ ገላን ቶርኖ ቤት ውስጥ ብረት ላይ ፊደልና ቁጥር ስመታ ነው የኖርኩት፤ ፈቃድ ካላቸው ሽማግሌዎች እጅም እንዲህ ዓይነት ሽጉጥ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። እሱ ብቻ አይበቃም! በርሜሉ ውስጥ ጥይት ሊቀር ስለሚችል የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስበህ በዓይንህ አረጋግጥ።

አሁን ግራ ጎኑን እይ። የቤሬታ ስም፣ "9 ኮርቶ" የሚለው የጥይቱ ዓይነት፣ 1934፣ ጋርዶኔ የሚለው ከተማ፣ ከዚያ የተሠራበት ዓመትና በሮማ ቁጥር የፋሺስቶቹ ዘመን አለ። ብዙ ሰው ይቺን የሮማ ቁጥር ዘሏት ያልፋል፣ እኔ ግን ቀድሜ የማየው እሷን ነው። ዘመኑ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 ነው። ስለዚህ በ1937 የተሠራ ሽጉጥ 15 (XV) ይላል፣ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ 16 (XVI)። 1937 ብሎ 19 (XIX) ካለ አንድ ሰው ነካክቶታል።

የምርኮውንም ነገር በዚሁ ታጣራለህ። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኖቬምበር 1941 ነው። ሽጉጡ 1942 ካለ ጽሑፉ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ የአርበኞች ምርኮ ግን አይደለም፤ በሌላ መንገድ የገባ ነው።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር ያዝና ብርሃኑን ከጎን አብራበት። በማህተም የተመታ ፊደል ብረቱን ስለሚጫነው ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ጥልቀቱም እኩል። በመቅረጫ የተጻፈው ግን ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይታዩበታል፣ ፊደሉ ሲጀምርና ሲጨርስም ጥልቀቱ ይለያያል። የፊደሉ ጠርዝ ሟሙቶ ዙሪያው ጎድጎድ ካለ ደግሞ የውሸት ነው ብለህ አትቸኩል፣ ተወልውሎ እንደገና ጠቁሮ ይሆናል።

በቀኝ በኩል የላዩ ብረትና የታችኛው አካል ቁጥር መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ዕቃ ተቀይሯል ማለት ነው። በግራ በኩል ከእጀታው በላይ ወደ ኋላ ዘውድ ያለበት "አር ኢ" ካገኘህ የጣሊያን ምድር ጦር ምልክት ነው። ባይኖርም አትደንግጥ፣ ለፖሊስና ለሲቪል የተሸጡም ነበሩ።

በፈጠረህ፣ ዝገት ላጽዳ ብለህ ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው! በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ዘይት ብቻ ጥረገው። ካልተመዘገበም ወደዚህ ፎቶ ከመላክህ በፊት ፖሊስ ጋ ሂድና አስመዝግብ። ፎቶውን ስትልክም የመለያ ቁጥሩን ሸፍነው፤ እኔ ማየት የምፈልገው ግራ ጎኑን ነው።